ማዕርግን ስለ መፈለግና ጥያቄን ስለ መሸከም

“ኮረንቲና ፖለቲካ በሩቁ” የሚለው አነጋገር በአዲስ አበባ ሳይነገር የሚውልበት ቀን ያለ አይመስለኝም። አባት ለልጁ ይነግረዋል፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ይነግረዋል፤ በታክሲ ውስጥም ወሬው ወደ መንግሥት ጉዳይ ሲያዘነብል አንዱ ይህችን ተናግሮ ጨዋታውን ይዘጋዋል። እኔም በመምህርነት ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ ይህን አነጋገር ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደ ደገምሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አሁን ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ያንኑ ቃል በማይገባ ሰዓት ተናግሬው ስለ ተጸጸትሁና፣ ከጸጸቴ የተማርሁትን ለእናንተ ለወጣቶች ላካፍላችሁ ስለ ወደድሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት 26 ቀን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በኮልፌ ቀራንዮ ወደሚገኘው ቤቴ መጣች። ይህችን ልጅ በልጅነቷ አማርኛ አስተምሬአታለሁ። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ስለ ሞቱ፣ እሷንና ታናሽ ወንድሟን ያሳደጓቸው እናቷ ናቸው፤ እሳቸውም በአጠና ተራ አጠገብ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ባልትና በመሸጥ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። ልጅቱ በስድስት ኪሎ በፖለቲካ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት ታስተምር ነበር።

ቡና እስኪፈላ ድረስ ዝም ብላ ቆይታ፣ ከቦርሳዋ አንድ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ። በአሜሪካ አገር የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ የዶክትሬት ትምህርት እንድትማር ተቀብሏታል። የትምህርቱን ዋጋ ዩኒቨርሲቲው ይችላል፤ ለመምህራን ረዳት ሆና በመሥራቷም የመኖሪያ ገንዘብ ይሰጣታል። ትምህርቱ ቢያንስ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ መልሷንም እስከ ሚያዝያ 7 ቀን ማሳወቅ አለባት።

“ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?” አለችኝ።

እኔም ደብዳቤውን አንብቤ ሳልጨርስ፣ “ልጄ፣ ኮረንቲና ፖለቲካ በሩቁ ነው፤ ሥራሽን ይዘሽ እናትሽን እየጦርሽ ብትኖሪ ይሻልሻል” አልኋት። ቀጥዬም፣ “ሕክምና ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ሻንጣሽን ተሸክሜ እሸኝሽ ነበር” ብዬ ቀለድሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቡናዋን ጠጥታ ደብዳቤዋን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ከተተችና፣ “እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ” ብላ ሄደች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ምክር የሰጠ ሰው ምክሩ መልካም ከሆነ ተኝቶ ማደር ይገባዋል። እኔ ግን እየተገላበጥሁ፣ ያን መልስ ከየት እንዳመጣሁት ራሴን መረመርሁ። ስመረምርም ከምክሬ በታች ሁለት ነገሮች ተደብቀው አገኘሁ።

አንደኛው ፍርሃት ነው። እኔ በሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። በአንድ ክፍል፣ በአንድ መብራት ሥር አብሮኝ ያጠና የነበረ ጓደኛዬ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። ከእኔ የሚለየው ከእኔ ይልቅ መጽሐፍ በመውደዱና ያነበበውንም ሳይናገር ማደር ባለመቻሉ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፖለቲካ የሚለው ቃል በጆሮዬ በገባ ቁጥር የዚያ ልጅ ባዶ አልጋ ይታየኛል።

ደግሞም ፍርሃቴ ከራሴ ኑሮ ብቻ የመጣ አይደለም። ግርማሜ ንዋይ በአሜሪካ በዊስኮንሲን፣ ኋላም በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በኬንያ ስለ ሠፈሩት ነጮች የማስትሬት ጽሑፉን አዘጋጅቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜም ሕይወቱን አጣ። ዋለልኝ መኰንን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሳለ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉትን ጽሑፍ አወጣ፤ በኅዳር 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገ ሙከራ ላይ ተገደለ። ዶክተር መረራ ጉዲና በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ታስረዋል፤ በኔዘርላንድ በሄግ ከተማ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፖለቲካ ሳይንስ ካስተማሩ በኋላም በኅዳር 2009 ዓ.ም. እንደገና ታስረው በጥር 2010 ዓ.ም. ተፈትተዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሽማግሌ ልጁን ቢያስፈራራ ምን ይደንቃል? ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ።

ሁለተኛው ግን ለመናገር የሚያሳፍር ነው፤ እሱም ቅናት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በክረምት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪዬን ካገኘሁ በኋላ፣ ሁለተኛውን እንድማር ዕድል አግኝቼ ነበር። አልሄድሁም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ “የቤተ ሰብ ችግር አላስኬደኝም” እላለሁ። እውነቱ ግን ፈተናውን ፈርቼ ነው። ባለቤቴ ያን ጊዜ “ሂድ፤ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ” ብላኝ ነበር። ስለዚህ ተማሪዬ ያን ደብዳቤ በዘረጋችልኝ ጊዜ፣ ልቤ ከደስታው አስቀድሞ የቆየ ቍስሉን አስታወሰ። አፌም ፈጥኖ “ቅሪ” አለ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለማዋረድ አይደለም። ምክር ስትጠይቁ የመካሪያችሁን ዕድሜና ሽበት ብቻ ሳይሆን የፈራውንና የተመኘውንም ነገር ጨምራችሁ መዝኑ እንድል ነው። በጎ የሚመኝላችሁ ሰው እንኳ የራሱን ያልተከፈለ ዕዳ በእናንተ ትከሻ ላይ ሊጭን ይችላል።

በማግሥቱ ሌላ ስሕተት ደግሞ ታወቀኝ። ልጅቱ ምን መማር እንደምትፈልግ አልጠየቅኋትም ነበር! ለአርባ ልጆች ፈተና አዘጋጅቶ “ጥያቄውን በሚገባ ሳታነብቡ አትመልሱ” እያለ ዘመኑን የጨረሰ መምህር፣ ጥያቄውን ሳያነብ መለሰ። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ስትመለስ ጠብቄ ወደ ቤቴ ጠራኋትና፣ “ልጄ፣ ባለፈው የመለስሁልሽ መልስ አይቈጠርም። አሁን ልጠይቅሽ። ዶክተር ሆነሽ ምን ልታውቂ ትፈልጊያለሽ?” አልኋት።

ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለችኝ። “ጋሼ፣ እርስዎ የዕድራችን ጸሐፊ ነዎት። ዕድሩ ከተመሠረተ ከአምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጉራጌውም ኦሮሞውም አማራውም ስልጤውም አባል ነው። ዳኛውን፣ ጸሐፊውን፣ ገንዘብ ያዡን በድምፅ ይመርጣል፤ ሒሳቡን በየዓመቱ ያስመረምራል፤ የዘገየውን ይቀጣል፤ ዳኛው ካጠፋ ያወርደዋል። አንዱን ወደ መድኃኔ ዓለም፣ ሌላውን ወደ ኮልፌ የሙስሊሞች መቃብር አብሮ ይሸኛል። በላይ ግን መንግሥት ሲለወጥ በ1967 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ፤ በ1983 ዓ.ም. የመጣውም ለውጥ ከረጅም ጦርነት በኋላ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውንም እርስዎ ያውቁታል። እነዚያው ሰዎች ሬሳ ለመቅበር የሚስማሙ፣ ለመተዳደር ሲሆን ለምን ይጣላሉ? ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ጠይቆኝ መመለስ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አልለቀቀኝም።”

ይህን ስሰማ አፈርሁም ደስም አለኝ። በጓዳዬ ባለው ሣጥን ውስጥ ሰባት የዕድር መዝገቦች ተቀምጠዋል። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የተጻፉ ናቸው። እኔ የድንኳንና የወንበር ብዛት ለማወቅ ብቻ ስገልጣቸው ኖሬአለሁ፤ ይህች ልጅ ግን በውስጣቸው መንግሥት ተቀምጦ አይታለች።

እንግዲህ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀምጠን ሦስት ነገሮችን መረመርን። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለማንኛውም ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለሚያስብ ወጣት ይጠቅሙ ይሆናል ብዬ ስለማምን በተራ እጽፋቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ማዕርጉ ቢቀር ጥያቄው ይቀራልን? ዶክተር የሚለው ቃል ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ አስተማሪ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቃሉ አስቀድሞ ለሐኪም ስለ ተሰጠ፣ በኋላም የክብር መጥሪያ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው ትምህርቱን ሳይሆን መጥሪያውን ይመኛል። ማዕርጉን ብቻ የሚፈልግ ሰው በመጨረሻ የተገዛ ወረቀትም ይበቃዋል።

ለማዕርግ ሳይሆን ለጥያቄ የደከሙ ሰዎች በአገራችን አሉ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን የተማረ ልጅ ነበር። ወደ አውሮፓ ተሻግሮ የሠለጠኑትን አገሮች አይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ አገራችን ለምን ደኸየች የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነሣው። ሠላሳውን ዓመት ጥቂት እንዳለፈ በ1911 ዓ.ም. ሞተ፤ “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” የተባለው መጽሐፉ የታተመው እሱ ካለፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም “ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?” የሚለውን መጽሐፋቸውን በ1966 ዓ.ም. ሲያወጡ የጻፉት ከዲፕሎማትነትና ከሚኒስትርነት ባገኙት ልምድ ነው፤ ዶክተር የተባሉት በክብር ነው።

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ኮልፌ ሌላ ምሳሌ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር የጦር ትምህርት ሊማሩ መጥተው ነበር። ስድስት ወር ይቈያሉ ተብሎ ታስቦ ሳለ ጊዜው ሳይደርስ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ወዲያው ተይዘው ለ27 ዓመታት ታሰሩ። እኒህ ሰው የሕግ ዲግሪ መማር የጀመሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ሲሆን፣ የጨረሱት በ1989 በእስር ቤት ሆነው በደብዳቤ ትምህርት ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለፈ። ወረቀቱ ሳይመጣ ሥራው አልቆመም፤ ሥራው በዝቷል ተብሎም ትምህርቱ አልተተወም።

ተማሪዬን፣ “ይህ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤውን ባይልክልሽ ኖሮስ?” ብዬ ብጠይቃት፣ “ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ መዝገቦቹን እንዲያሳዩኝ እለምንዎት ነበር” አለችኝ። በዚህ የመጀመሪያውን አለፈች።

ሁለተኛው፣ መዘግየትን ትችያለሽ ወይ? የሚል ነው። ገብረ ሕይወትና ሐዲስ ያለ ዶክትሬት መጻፍ ከቻሉ፣ ዶክትሬቱ ለምን ያስፈልጋል? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ በትምህርቱ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በአሜሪካ አገር አንድ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያህል በክፍል ይማራል፤ የቀድሞ ሊቃውንት ስለ መንግሥት ያሰቡትን፣ የልዩ ልዩ አገሮችን አስተዳደር ማነጻጸርን፣ የመንግሥታትን ግንኙነት፣ ደግሞም ስታቲስቲክስንና የጥናት ዘዴን። ከዚያ ጠቅላላ ፈተና ይፈተናል። ያን ያለፈ ሰው የሚያጠናውን ነገር በጽሑፍ አቅርቦ ያስፈቅዳል፤ ወደ ሰው መካከል ወርዶ ይጠይቃል፣ ይቈጥራል፣ መዝገብ ይመረምራል፤ በመጨረሻም የጻፈውን በመምህራን ሸንጎ ፊት ቆሞ ይከላከላል። በአውሮፓ ብዙውን ጊዜ ክፍሉ ያንሳል፤ ዘመኑም ያጥራል። በአዲስ አበባም ሥራን ይዞ የሚማር ሰው መንገዱ ይረዝምበታል እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ “ይህን ከምን አወቅህ?” የሚለውን ጥያቄ ለዓመታት መታገሥ።

እኔ የሚስዮን ልጅ ብሆንም፣ በልጅነቴ በጎረቤታችን ይኖሩ ከነበሩ አንድ መሪጌታ ቤት አዘወትር ነበር። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲያስተምሩ አንዱን ቃል ያነሡና ይተረጕሙታል፤ ከዚያ “አንድም” ብለው ሌላ ትርጓሜ ያመጣሉ፤ ደግመው “አንድም” ብለው ሦስተኛውን ይጨምራሉ። እኔም ልጅ ስለ ነበርሁ “ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ “አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ትርጓሜ ገና አልጀመረም” አሉኝ። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከአገሩ ርቆ ያን ሁሉ ዓመት የሚለፋው ያችን “አንድም” ለመማር ነው።

የእኛ ዘመን ፖለቲካ የጎደለው ይኸው ይመስለኛል። በአገራችን የፖለቲካ ንግግር አንሶ አያውቅም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች “መሬት ለአራሹ” ብለው ከተነሡ ወዲህ፣ በአደባባይም በድብቅም፣ በወረቀትም በስልክም ያልተነገረ ነገር የለም። የዋለልኝን አጭር ጽሑፍ የሚወዱትም የሚጠሉትም ከአምሳ ዓመት በኋላ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የሃያ ጥቂት ዓመት ወጣት የጻፋቸው ጥቂት ገጾች ይህን ያህል ዘመን ከኖሩ፣ ስለ ሕዝብ መጻፍ ጨዋታ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያነሰን ነገር መናገር አይደለም። ተቃራኒውን ትርጓሜ ከራሱ ትርጓሜ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ቆጥሮና መርምሮ፣ ከዚያ በኋላ የሚናገር ሰው ነው ያነሰን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በአገር ጉዳይ የፈሰሰ ነገር ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

“ስለዚህ ልጄ፣” አልኋት፣ “አምስት ዓመት ደክመሽ ዛሬ የምታምኚው ነገር ስሕተት ሆኖ ብታገኚውስ?” ብዙ ዝም አለች። በኋላም፣ “ያስፈራኛል፤ ግን ሳላውቀው ከማስተምረው ይሻለኛል” አለች። ይህን መልስ ከጠበቅሁት በላይ ወደድሁት፤ “አያስፈራኝም” ብትለኝ ኖሮ “ቅሪ” እላት ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በወንጌል ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የሚመክር ምሳሌ አለ። የከፍተኛ ትምህርት ወጪ ግን በተማሪው ኪስ ብቻ አይሰላም። ወንድሟ ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። የቤት ኪራይ የምትከፍለው እሷ ናት። ተምራ ብትመለስም ሀብት አይጠብቃትም፤ በአገራችን ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዶክተሮችን ይፈልጋሉ፣ ነገር ግን በዚያው በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር መምህራኑ ደመወዝ አልበቃን ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። በአሜሪካም ቢሆን በየዓመቱ የሚመረቁት ዶክተሮች ከሚከፈቱት ቋሚ የመምህርነት ቦታዎች ይበዛሉ። ይህን ሁሉ ነገርኋትና፣ “ለእናትሽ ነግረሻቸዋል?” ብዬ ጠየቅኋት። አልነገረቻቸውም ነበር። “እናቴ ሂጂ ትለኛለች፤ ስለዚህ ልጠይቃት አልችልም” አለችኝ። ይህ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውን በራሱ ዕዳ ላይ እንዳይመክር መከልከልም ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት አብረን ወደ እናቷ ሄድን። ለበዓሉ በርበሬ የሚገዛው ሰው ብዙ ስለ ነበረ እስኪጋባ ድረስ በር ላይ ጠበቅን። በኋላ እጃቸውን በሻሽ እየጠረጉ መጥተው ተቀመጡ። ልጅቱ እየተርበተበተች ነገረቻቸው። እሳቸውም መጀመሪያ፣ “ዶክተር? ታዲያ ኩላሊቴን ታይልኛለሽ ማለት ነው?” አሉ። የዚህ ዓይነቱ ዶክተር ኩላሊት እንደማያይ ባስረዳኋቸው ጊዜ፣ “ታዲያ ምን ያያል?” ብለው ጠየቁ። “ዕድር እንዴት እንደሚኖር ያያል” አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ጥቂት ቆይተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“እኔን የሚያስፈራኝ መሄድሽ አይደለም። ‘ለእናቴ ብዬ ቀረሁ’ እያልሽ በየጧቱ ፊቴን ማየትሽ ነው። ያን ዕዳ እኔ አልችለውም። ወንድምሽ ከትምህርት መልስ ሱቁ ላይ ይቁምልኝ፤ ካገኘሽው ትንሽ ትንሽ ላኪልን። አንድ ነገር ብቻ ማይልኝ። ዕድሩ ይቀብረኛል፤ አንቺ ግን በስልክ እንዳታለቅሺልኝ። ተምረሽ ነይ።”

ልጅቱም ማለች። እኔ ግን ወደ ውጪ ወጥቼ የአጠና ክምሩን እያየሁ ቆየሁ።

መልሷን ለመላክ የተቀመጠችው በመጨረሻው ቀን፣ በፋሲካ ዋዜማ ማታ ነበር። ያን ማታ በሠፈራችን ኮረንቲ ጠፋ። በሩቁ ያልነው ኮረንቲ ሳይሆን የቀረበው ኮረንቲ መጥፋቱ አስጨነቀን፤ በመጨረሻ በሻማ ብርሃን፣ ባትሪው ሊያልቅ በተቃረበ ስልኳ ላከችው። እኔ በመጋቢት 26 ቀን ቸኩዬ ባልመልስላት ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልኖረም ነበር።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ሄደች። ባለፈው በ2017 ዓ.ም. ክረምት ፈተናዋን ጨርሳ ለጥናቷ መጥታ ነበር። እናቷም በጤና ቆይተው አቅፈው ተቀበሏት። በረንዳዬ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ሰባቱን መዝገቦች አንድ በአንድ ስታነብ ከረመች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቷ ተለውጦ ጠራችኝ። የተከፈተው የ1970 ዓ.ም. ገጽ ነበር።

“ጋሼ፣ ይዩት። በእነዚህ ወራት የወጣት ሞት አልተመዘገበም። ድንኳን አልወጣም። ጥሩምባ ነፊው አልተከፈለውም። በሠፈሩ ግን ልጆች መገደላቸውን ሽማግሌዎቹ ሁሉ ነግረውኛል። ዕድሩም ፈርቶ ነበር።”

ስለ ዕድሩ የነበራት ፍቅር እንደ ተሰበረ ከድምፅዋ ታወቀኝ። እኔም የጓደኛዬ ባዶ አልጋ ታይቶኝ የምናገረው አጣሁ። እሷ ግን መዝገቡን አልዘጋችም። ጣቷን በወጪው ዓምድ ላይ እያወረደች ቆየችና፣ “ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች። በእነዚያው ወራት “ልዩ ልዩ” ተብሎ፣ የተቀባይ ስም ሳይጻፍ፣ ለቀብር ከሚሰጠው ገንዘብ ጋር ልክ የሆነ ወጪ አምስት ጊዜ ተመዝግቧል። ገንዘብ ያዡ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ሁለታችንም ዝም ብለን ገጹን አየነው። አንድም ፈርተው ሐዘንተኞቹን ትተዋል፤ አንድም በግልጽ ማልቀስ በማይቻልበት ዘመን በስውር ቤት ለቤት ደርሰዋል፤ አንድም ሁለቱንም አድርገዋል። እሷ ደብተሯን አውጥታ ሦስቱንም ጻፈቻቸው፤ በግርጌውም በሕይወት ያሉትን የቆዩ አባላት ስም ዘርዝራ በማግሥቱ ለመጠየቅ ተነሣች።

እንግዲህ አንተ ወጣት፣ አንቺም ወጣት ሆይ፣ ይህን ትምህርት ልማር ወይስ ልተው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም የሚሆን አንድ መልስ የለኝም። መጥሪያውን የምትፈልጉ፣ ወይም ሥራ ስላጣችሁ ብቻ ዘመን ለማሳለፍ የምትሄዱ ብትሆኑ፣ አምስት ዓመታችሁን ለሌላ መልካም ሥራ ብታውሉት ይሻላል። የማይለቅ ጥያቄ የያዛችሁ፣ የማትወዱትንም መልስ ለመጻፍ የምትችሉ፣ ዋጋውን አብሮአችሁ ከሚከፍለው ሰው ጋር ተቀምጣችሁ የተማከራችሁ ከሆናችሁ ግን፣ የእኔን ፍርሃት አትውረሱ። ሰባቱ መዝገቦች አሁንም በጓዳዬ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሊያነብ የሚመጣ ቢኖር ሣጥኑ አይቈለፍም።